ለሐረና አንድ ሙሉ ቀን

(ለእግር ተጓዦችና ለፎቶ አንሺዎች ስብስብ ከተደረገ ንግግር ለንባብ የተዘጋጀ)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብና በዚህ ትራፊክ ስለ ወፍ ለመስማት መምጣታችሁ ራሱ ደስ ይላል።

ባሌ ሄዳችሁ የምታውቁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ጥሩ፣ ብዙ ናችሁ። ከእናንተ መካከል ሐረና ደን ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ የቆየ አለ? አያችሁ፣ እጁ ሁሉ ወረደ። እኔም የመጣሁት ለዚህ ነው።

የምታደርጉትን አውቃለሁ። ጎባ ታድራላችሁ። ጠዋት ወደ ሳነቲ አምባ ትወጣላችሁ። ቀይ ቀበሮ ታያላችሁ፣ ፎቶ ታነሣላችሁ፣ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ 4,377 ሜትር ከፍታ ላይ ቆማችሁ ትንቀጠቀጣላችሁ። ጊዜ ከተረፈ በመኪና ወደ ሐረና ወረድ ትሉና፣ በመስኮት «ዋው» ብላችሁ ትመለሳላችሁ። ቀበሮውን አልነቅፍም። በዓለም ላይ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ነው፤ መታየት አለበት። ወፍ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ነገሩን ገልብጡት። ለሳነቲ ሌላ ቀን ይኑረው። ሐረናን ከንጋት እስከ ምሽት ሙሉ ቀን ስጡት።

ሐረና የደመና ደን ነው። ከህንድ ውቅያኖስ የተነሣ እርጥብ አየር ቆላውን አቋርጦ ይመጣል። ቆላው ላይ የሚያቆመው ነገር የለም፤ ስለዚህ እዚያ ብዙም አይዘንብም። ከዚያ የባሌ ተራሮች ደቡባዊ ገደል ይገጥመዋል። ገደሉ ከ4,000 ሜትር አካባቢ እስከ 1,500 ሜትር ይወርዳል። አየሩ ወደ ላይ ከመውጣት ሌላ ምርጫ የለውም። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። የቀዘቀዘ አየር እርጥበቱን መሸከም ያቅተዋል። ያ እርጥበት ደመና ሆኖ የሚቆመው እዛው ዛፎቹ መሀል ነው። ከሩቅ ስታዩት ተራራው ላይ ደመና ተቀምጧል ትላላችሁ፤ ውስጡ ስትገቡ ግን ጉም ነው።

ዛፉም ዝም ብሎ አይቆምም። ቅጠሉ፣ ቅርንጫፉ፣ በላዩ ላይ የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት ሁሉ ጉሙን ያጠምዳል። ጉሙ ሲነካቸው ጠብታ ይሆናል፤ ጠብታውም ወደ መሬት ይወርዳል። ሰማዩ ሳይዘንብ ከዛፍ ሥር የምትረጥቡት ለዚህ ነው። መጀመሪያ የገባ ሰው «ዝናብ ጀመረ እንዴ?» ብሎ ወደ መንገድ ይወጣል። መንገዱ ደረቅ ነው። ተመልሶ ይገባል፤ ይዘንባል።

ይህ ውኃ ለወፉ ምን አደረገለት? ግንዱ ላይ ሌላ ጫካ አበቀለለት። ሳረንስት፣ ፈርን፣ የዛፍ ላይ ኦርኪድ። በሳረንስቱ ውስጥ ነፍሳት ይራባሉ። ነፍሳት ባሉበት ወፍ አለ። ቆላ ላይ ወፍ ፍለጋ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ታያላችሁ። እዚህ ግን አንዱን ግንድ ከሥሩ እስከ ጫፉ ማንበብ ትችላላችሁ።

አሁን ቀኑን ላስጎብኛችሁ። የት ማደር እንዳለባችሁ ልንገራችሁ፤ ቀኑ የሚበላሸው ወይም የሚሰምረው እዚያ ነው። ጎባ ካደራችሁ ንጋት ሐረና ላይ አትደርሱም። ሳነቲን መሻገር አለባችሁ፤ ሳነቲ ላይ ደግሞ መኪናው በየደቂቃው ይቆማል። አንዱ ቀበሮ አየሁ ይላል፣ አንዱ ጅብራ ፎቶ ላንሣ ይላል። ስለዚህ ከደጋው ማዶ ሪራ እደሩ፤ ወይም ወረድ ብላችሁ ካቻ ድንኳን ትከሉ። ሪራ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች መንደር ናት። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ጋቢ ያዙ። የተራራ ጃኬት ያላችሁም ጋቢ ያዙ፤ የኋላ ኋላ ታመሰግኑኛላችሁ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከመሆኑ በፊት ውጡ። መጀመሪያ የምትሰሙት የመንደሩን ዶሮ ነው። ቀጥሎ ቆቅ ይንጫጫል። ከዚያ ከአስታውና ከኮሶው ዛፍ መሀል አንድ ዜማ ይነሣል። ጠራ ያለ፣ ሙሉ፣ የሚደዋወል ድምፅ። ዜማው ሳያልቅ ከሥሩ ሌላ ድምፅ ይገባል፤ «ትርርርር» የሚል። አዲስ ሰው ሁለት ዓይነት ወፍ ሰማሁ ይላል። ሁለት ዓይነት አይደለም፤ ባልና ሚስት ናቸው። ወንዱ ያዜማል፣ ሴቷ ከሥር ትቀበላለች። ይህ የአቢሲኒያ ካትበርድ ነው።

እዚህ ወፍ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስለምወደው ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ሳይንስ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1843 ነው። ስሙም እዚህ አገር በተጓዘው ጋሊኒዬ በተባለ ፈረንሳዊ መኮንን ተሰየመ። ከድንቢጥ ተለቅ ይላል። ቀለሙ ግራጫ፣ ግንባሩ ነጣ ያለ፣ ከጅራቱ ሥር ደግሞ የሸክላ ቀለም ያለው ነው። መልኩ ለፎቶ አንሺ አይሆንም። ደማቅ ነገር የለውም፤ ቁጥቋጦ ውስጥ መሹለክ ይወዳል። ግን ዝም ብላችሁ ቁሙ። የጽድ ፍሬ ይወዳል። ፍሬ ያለበት ዛፍ ካገኛችሁ እዚያው ጠብቁት፤ ራሱ ይመጣል።

ለብዙ ጊዜ ሊቃውንቱ ዘመዱን አጥተውት ነበር። አንዴ ከዚህ ወገን፣ አንዴ ከዚያ ወገን አስቀመጡት። የዘር ምርመራው ሲመጣ ዘመዱ ማን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? ብላክካፕ። አውሮፓ ውስጥ በየአትክልቱ ቦታ የሚዘፍነው፣ ጥቁር ቆብ የደፋው ትንሽ ወፍ። ብላክካፕ ደግሞ የአውሮፓን ክረምት ሽሽት እኛ ደጋ ድረስ ይመጣል። ስለዚህ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ሪራ ላይ ብትቆሙ፣ አንዱ ቁጥቋጦ ላይ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ያቋረጠ እንግዳ፣ ቀጥሎ ካለው ላይ ደግሞ ከዚህ አገር ወጥቶ የማያውቅ የሥጋ ዘመዱ አለ። ይህን ለማየት ሌላ አገር መሄድ አያስፈልግም።

ከሪራ ወደ ታች በእግር ውረዱ። መኪናው ቀድሞ ሄዶ ይጠብቃችሁ። መንገዱ ዳር ያለው ነገር በእግር ካልሆነ አይታይም። መጀመሪያ አስታው ያልቃል፤ ከዚያ ቀርከሃ ይመጣል። ቀርከሃው ውስጥ ወፍ አነስ ይላል፤ ግን የባሌ ጦጣ አለ። ዋና ምግቡ የቀርከሃ ቅጠል ነው፤ እንዲህ ያለ ጦጣ ከኢትዮጵያ ውጭ አታገኙም። ወፍ ካልሆነ አላይም የሚል ጓደኛ አለኝ። እሱ እንኳን ለዚህ ጦጣ ባይኖኩላሩን አነሣ።

ከቀርከሃው በታች ደኑ ትልቅ ይሆናል። ኮሶው፣ ጌተሙ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ዝግባውና ቀረሮው። እዚህ ላይ የወፍ ማየት ዘዴያችሁን መቀየር አለባችሁ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የለመዳችሁት አይሠራም። እዚያ ወፉ ፊት ለፊት ቆሞ ይጠብቃችኋል። እንዲያውም እውነቱን ልንገራችሁ፦ ሐዋሳ ላይ ቁርስ ሳትበሉ የምትቆጥሩት ዓይነት ሐረና ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከምታገኙት ሊበልጥ ይችላል። ዝርዝር ለማስረዘም የምትሄዱ ከሆነ ሐይቁ ይሻላችኋል። ከሐረና ወፎች መካከል ግን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የማይገኙ አሉ። ቁጥሩ ሳይሆን ዓይነቱ ነው ነገሩ።

ዘዴው ምንድን ነው? መቆም። በቃ። የደመና ደን ትንንሽ ወፎች አንድ ላይ ተሰባስበው ይጓዛሉ። ለግማሽ ሰዓት አንድም ወፍ የለም። ደኑ ባዶ ነው ትላላችሁ። ከዚያ ድንገት «ጺጵ ጺጵ» የሚል ነገር ይጀምራል። ቢጫ ቀለም ያላቸው፣ ዓይናቸው ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያለባቸው ትንንሾች ይመጣሉ፤ ዋይት አይ ይባላሉ። ከእነሱ ጋር ጀርባው ነጣ ያለ ጥቁር ቲት። የአቢሲኒያ ስሌቲ ፍላይካቸር የሚባለው ቅርንጫፍ ላይ ይቀመጥና ዝንብ እያየ ይወረወራል። ግንደ ቆርቁሩ ሳረንስቱን እየነቀለ ይጥላል። ኦሪዮል የሚባለው ከላይ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ራሱን ብቅ ያደርጋል። በአንድ ዛፍ ላይ ይሄ ሁሉ! አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አልፈው ይሄዳሉ። ደኑ ተመልሶ ዝም ይላል።

ለምን አብረው ይሄዳሉ? አንደኛ፣ ጭልፊት ቢመጣ ብዙ ዓይን ቶሎ ያየዋል። ሁለተኛ፣ አንዱ ያስነሣው ነፍሳት ለሌላው ቀለብ ይሆናል። እየተራመዳችሁ ከሆነ የምታገኟቸው በዕድል ነው፤ ስትገናኙም እነሱ ወደ ላይ እናንተ ወደ ታች ትተላለፋላችሁ። ከቆማችሁ ግን እነሱ ይዞሯችኋል። በአንድ ጠዋት ወዲያ ወዲህ ስል የሪራው ወጣት አስጎብኚያችን ምን አለኝ መሰላችሁ? «ጋሼ፣ እርስዎ ቁጭ ይበሉ፤ ወፉ እግር አለው።» ክንፍም አለው አልኩት። ሳቀ። ግን ልክ ነበር።

አሁን ወደ ቱራኮ። ጉንጨ ነጩ ቱራኮ። እሱን ያላየ ከሐረና አይመለስም፤ ድምፁ ብቻውን ደኑን ይሞላዋል። ከዶሮ አነስ ይላል፣ ጅራቱ ረጅም ነው። በቅርንጫፍ ላይ ሲሮጥ ወፍ ሳይሆን የሆነ ትንሽ እንስሳ ነው የሚመስለው። አረንጓዴ ነው፤ ቅጠሉ ውስጥ ይጠፋል። ከዛፍ ዛፍ ሲሻገር ግን ክንፉ ይከፈትና ቀዩ ይወጣል። ሰዉ ሁሉ በአንዴ «እ!» ይላል። እስካሁን ያላለ አላየሁም።

ያ ቀይ ተራ ቀይ አይደለም። የሌሎች ወፎች ቀይ አብዛኛውን ጊዜ ከሚበሉት ምግብ የሚገኝ ቀለም ነው። የቱራኮ ቀይ ግን ውስጡ መዳብ አለበት። አዎ፣ መዳብ፤ ድስትና ሽቦ የሚሠራበት። አንድ እንግሊዛዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1869 መረመረው። ከቀለሙ ክብደት 6 በመቶ ገደማ መዳብ ሆኖ ተገኘ። ይህ ቀለም ከቱራኮ ዘር ውጭ በሌላ ወፍ ላይ የለም። አረንጓዴውም መዳብ ያለበት እውነተኛ አረንጓዴ ቀለም ነው። ይህ ለምን ይገርማል? ብዙ አረንጓዴ ወፎች አረንጓዴ ቀለም ስለሌላቸው ነው። በቀቀኑን ውሰዱ። የበቀቀን ላባ ቢጫ ቀለም አለው፤ የላባው አሠራር ደግሞ ብርሃኑን ሰባብሮ ሰማያዊውን ይመልሳል። ሁለቱ ተደምረው አረንጓዴ ያሳያችኋል። ስለዚህ አንድ የሾላ ዛፍ ላይ ቱራኮና በቀቀን ጎን ለጎን ፍሬ ሲበሉ ብታዩ፣ ሁለቱ አረንጓዴዎች በአሠራራቸው አይገናኙም።

የዚህ ቱራኮ የሳይንስ ወገን ስሙ ከዳግማዊ ምኒልክ ነው የተወሰደው፤ ሜኔሊኮርኒስ ይባላል። በዚህ ወገን ውስጥ ያሉት ሁለት ወፎች ብቻ ናቸው። ሁለተኛው ከዚህ ወደ ደቡብ፣ በነገሌና በገናሌ በኩል ያለው የሩስፖሊ ቱራኮ ነው። ታሪኩ ይገርማል። ሩስፖሊ የሚባል ጣሊያናዊ ልዑል በደቡብ ኢትዮጵያ ሲጓዝ እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ገደለው። ከተረፈው ዕቃው ውስጥ የአንድ የማይታወቅ ቱራኮ ቆዳ ተገኘ። የት እንደተያዘ የሚል ጽሑፍ የለበትም። ወፉ ስም ተሰጠው፤ አገሩ ግን አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሬሮ ደን ውስጥ እስኪገኝ ድረስ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ያለ አድራሻ ኖረ። የአሬሮ ሰው ግን ወፉን በየቀኑ ያየው ነበር። ማንም አልጠየቀውም።

ከ5 ሰዓት በኋላ ጉሙ ይወጣል። በፀሐይ የሞቀው የቆላ አየር ወደ ላይ ሲመጣ ደኑ ይዘጋል። አሥር ሜትር ላይ ያለው ዛፍ ይደበዝዛል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ መኪና ውስጥ ይገባል፣ ሙዚቃ ይከፍታል። አታድርጉት። ይህ የጆሮ ሰዓት ነው። ማየት ካልተቻለ መስማት አለ። በቁጥቋጦው ሥር ብራከን ዋርብለር የሚባል፣ በዓይን ለማግኘት የሚያበሳጭ ቡናማ ወፍ አለ። ድምፁ ከሰውነቱ ጋር አይመጣጠንም። በጉም ጊዜ ደፈር ብሎ ወደ ጠርዝ ይወጣል። የአቢሲኒያ ግራውንድ ትረሽ የሚባለውም እርጥብ ቅጠል እየገለበጠ መሬት ላይ ይመገባል። ደማቅ ብርሃን አይወድም፤ ጉሙ ለእሱ ይመቸዋል። ደረቱ ብርቱካንማ ነው። ጉም ውስጥ ያን ቀለም ስታዩ ፎቶው እምቢ ይላችኋል፤ እናንተ ግን አይታችሁታል።

አንድ ነገር ላይ ቆጣ ልበል። ስልክ ከፍታችሁ የወፉን ድምፅ አታጫውቱ። አሁን ሁሉም ሰው አፕ አለው። ካትበርዱ አልመጣ ሲል ስፒከር ይከፈታል። ወፉ ይመጣል፤ ለምን አይመጣ? ሚስቱንና ቤቱን ሊወስድ የመጣ ባላጋራ መስሎታል። መብላቱን ትቶ ይከራከራል። እናንተ ፎቶ አንሥታችሁ ትሄዳላችሁ። ከኋላችሁ ሌላ መኪና ይመጣል፤ እሱም ይከፍታል። መንገዱ አንድ ነው፣ መቆሚያው ቦታም አንድ ነው፤ ያው ወፍ ቀኑን ሙሉ ከሌለ ጠላት ጋር ሲሟገት ይውላል። ጎጆ በሚሠራበት ወቅት ደግሞ ይብሳል። አስጎብኚዎቹን አትውቀሱ፤ የሚጠይቃቸው ጎብኚው ነው። «አያስፈልግም፣ እንጠብቃለን» ካላችኋቸው እነሱም ደስ ይላቸዋል።

ከሰዓት በኋላ በመኪና ወደ ታች፣ ወደ ደሎ መና አቅጣጫ ውረዱ። ሙቀቱ ይጨምራል። ዛፉ ሰማይ ይነካል። እዚህ ሆርንቢል አለ፤ ጉንጩ ብርማ፣ አፉ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር የተሸከመ ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ። ሲበር ክንፉ «ሹሽ ሹሽ» ሲል ሳታዩት ትሰሙታላችሁ። የቤት አያያዙ ጉድ ነው። ሴቷ የትልቅ ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች። በሩ በጭቃ ይደፈናል፤ ምንቃር የሚያሾልክ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል። እዚያ ውስጥ ለወራት እንቁላል ትታቀፋለች፣ ጫጩት ታሳድጋለች። ባል ፍሬ እያመላለሰ በቀዳዳው ያጎርሳታል። ወንዱ በመንገድ ከሞተ ሴቷና ጫጩቱ ከባድ አደጋ ላይ ናቸው። ለዚህ ሁሉ ደግሞ ውስጡ የተቦረቦረ፣ በዕድሜ የገፋ ዛፍ ያስፈልጋል። ችግኝ ተክለን ደን ተካን ስንል ሆርንቢሉ ቤት የሚያገኘው ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ አስቡት። የልጅ ልጆቻችሁም ላይደርሱበት ይችላሉ።

በዚህ ከፍታ ቡናው ይጀምራል። የተተከለ አይደለም፤ ራሱ በደኑ ጥላ ሥር የበቀለ ቡና ነው። ቀፎም ታያላችሁ፤ ዛፍ ጫፍ ላይ የተሰቀለ። የሐረና ሰው ከደኑ ማር ይቆርጣል፣ ቡና ይለቅማል። ደኑ የቆመውም በከፊል ለዚህ ነው፤ ቆሞ ስለሚያበላ። የዚህ ቡና ነገር ግን ጠለቅ ብሎ ማየት ይፈልጋል። ጅማ አካባቢ ተመራማሪዎች በጥላ ቡናና በደን ውስጥ ያለውን ወፍ አወዳድረው ነበር። ጥላ ቡናው ላይ የተገኘው የወፍ ዓይነት ከደኑ በልጦ ተገኘ። ከአውሮፓ የሚመጡት እንግዶችም ጥላ ቡናውን ወደውታል። ደስ የሚል ዜና ነው። ግን ሌላም ወገን አለው፦ ከደን ውጭ መኖር የማይችሉት፣ በታችኛው ቁጥቋጦ ነፍሳት የሚለቅሙት ዓይን አፋሮች ቡናው ውስጥ አነሱ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቡናው እንዲያፈራ ቁጥቋጦው ይመነጠራል። ከላይ ሲታይ ደኑ እንዳለ ነው፤ ዛፎቹ ቆመዋል። ከሥር ግን የብራከን ዋርብለሩ ሠፈር ፈርሷል። ስለዚህ ቡናው ከእርሻ ይሻላል፤ ከደኑ ጋር ግን እኩል አይደለም። ሁለቱንም በአንድ አፍ መናገር ከባድ ነው፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ሌላው የሚያሰጋው እሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ባሌ ላይ የተነሣውን ሰደድ እሳት የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ለሳምንታት ነደደ። ላይኛው የአስታ ቀበቶ በተለይ ቶሎ ይያያዛል፤ ለከብት ሣር እንዲበቅልም ሆን ተብሎ ይቃጠላል። አስታው ሲጠፋ ጉሙን የሚያጠምደው አይኖርም። ጉሙ ካልተጠመደ ጠብታው የለም። ጠብታው ከሌለ ደግሞ ወንዙስ? ወልመል ከዚህ ደን ነው የሚወርደው። ከባሌ ተራሮች የሚነሡት ወንዞች፣ ዌብ፣ ዋቢ ሸበሌ፣ ገናሌና ሌሎቹም ተደምረው በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ 12 ሚሊዮን ያህል ሰው ያጠጣሉ ይባላል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ጥሩ ነው፤ ግን የምስክር ወረቀት እሳት አያጠፋም። ሰደዱን ሮጦ የሚያጠፋው የሪራ ሰው ነው። ስለዚህ ሄዳችሁ እዚያ እደሩ፣ እዚያ ብሉ፣ የአካባቢውን ልጅ ቅጠሩ። ማርም ግዙ።

ምሽቱን ባጭሩ። ከ11 ሰዓት ጀምሮ ሰማይ የሚታይበት ገላጣ ቦታ ቁሙ። ፊተ ቢጫዎቹ በቀቀኖች ከሚበሉበት ወደሚያድሩበት ሲመለሱ ከላይ እየጮኹ ያልፋሉ። እነሱም የኢትዮጵያ ብቻ ናቸው። ላቭበርድ የሚባሉት ትንንሽ በቀቀኖችም ጥንድ ጥንድ ሆነው ወደ ዛፍ ጉድጓዳቸው ይገባሉ፤ ወንዱን በቀይ ግንባሩ ትለዩታላችሁ፣ ሴቷ ቀይ የላትም። ከጨለመ በኋላ ጉጉት መስማት ይቻላል። ብቻችሁን ግን አትዙሩ። ሐረና ውስጥ አንበሳና ነብር አሉ። እያስፈራራኋችሁ አይደለም፤ አሉ።

ጥያቄዎቹን ልመልስ። በወረቀት የደረሱኝ አሉ።

«መቼ እንሂድ?» ከኅዳር እስከ የካቲት። መንገዱ ይሻላል፣ ከውጭ የሚመጡት ወፎችም አሉ። ጉም ግን በየትኛውም ወር አይጠፋም፤ እሱን ሽሽት አይቻልም።

«ምን ዓይነት ባይኖኩላር እንግዛ?» 8 በ42 የሚባለው በቂ ነው። ደን ውስጥ ከ10 እጥፍ በላይ የሚያጎላ አትግዙ፤ እጅ ይንቀጠቀጥበታል፣ ጨለማ ውስጥም ብርሃን ያንሰዋል። ሌንሱን የሚጠርግ ጨርቅ ሁለት ያዙ፤ አንዱ በአሥር ደቂቃ ይረጥባል። ባይኖኩላር የሌላችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ተጋሩ።

«ልጆች ይዘን መሄድ እንችላለን?» ይቻላል። እኔ እንዲያውም እመክራለሁ። የልጅ ጆሮ ከእኛ ይሻላል፤ ቀጫጭኑን ድምፅ እኛ ሳንሰማ እነሱ ይሰሙታል። ግን የሚቀየር ካልሲ ያዙላቸው፣ ቦት ጫማ አድርጉላቸው፣ ዳቦም በርከት አድርጋችሁ ያዙ። «ዝም በሉ» እያላችሁ ቀኑን አታበላሹባቸው። ቱራኮ ሲሻገር እነሱም «እ!» ይላሉ፤ እሱ ይፈቀዳል።

ቀሪውን ሻይ እየጠጣን እንጨርስ፤ መንገዱንና ማደሪያውን በዝርዝር የምትፈልጉ እዚያ ጥግ ታገኙኛላችሁ።